የራበው እጭ ክንዱን ያስረዝማል

ባለፈው እትም ስለ ባሕር ጃርት ስጽፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። «ይህ እሾሃም ፍጡር ድንጋይ ላይ ከመቀመጡ በፊት ለሳምንታት ተንሳፋፊ እጭ ሆኖ ይኖራል» የሚል። ስለ ጃርቱ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። የደረሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ እጮች ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ወደ መጽሔት ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት ሥራዬ የባሕር እንስሳትን እጭ ማሳደግ ነበር። ማብላት፣ ውሃ መቀየር፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ መዋል። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ። ረጃጅሞቹን ጥያቄዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ቅር እንዳትሰኙ።

«እንደዚያ ትንሽ የሆነ ነገር ምን ይበላል? አፍስ አለው? ወይስ እንደ ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ነው የሚኖረው?»
— አንዲት የሂሳብ ባለሙያ

አፍ አለው እህቴ። አፍ ብቻ አይደለም፤ ጉሮሮ፣ ጨጓራና አንጀትም አለው። ይህ ሁሉ የሚገኘው አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ ገላ ውስጥ ነው። ገላው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያስቀምጡት የበላው ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል። ቀላ ያለ አልጌ ካበሉት ጨጓራው ይቀላል፣ አረንጓዴ ካበሉት አረንጓዴ ይሆናል። እኛ ጠዋት ገብተን መጀመሪያ የምናየው የጨጓራቸውን ቀለም ነበር። ቀለም ካለው በልቷል፣ ሰላም ነው። ባዶ ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ወይ የምግቡ አልጌ ሞቷል፣ ወይ ውሃው ቆሽሿል፣ ወይ ሌሊት ማማሰያው ቆሟል። እጮቹ እንዳይሰጥሙና ምግቡም ታች እንዳይዘቅጥ ውሃው ቀን ከሌት በቀስታ መማሰል አለበት።

ምግቡ በአብዛኛው ባለ አንድ ሴል አልጌ ነው። የአንዱ ሴል ስፋት የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው። ታዲያ ይህን እንዴት ይይዘዋል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ነገሩ ያምራል።

የባሕር ጃርት እጭ ወላጁን በምንም አይመስልም። እሾህ የለው፣ ክብም አይደል። ሾጠጥ ያለ ገላ አለው፣ ከገላው ደግሞ ክንዶች ይዘረጋሉ። መጀመሪያ አራት ናቸው፤ እያደገ ሲሄድ በብዙ ዝርያዎች ስምንት ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ክንድ ውስጥ ቀጭን የካልሲየም ካርቦኔት ዘንግ ድጋፍ ሆኖ ቆሟል። ሲሊያ የሚባሉ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑና ያለ ዕረፍት የሚርገበገቡ ነገሮች በክንዶቹ ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ሳይቋረጡ በመስመር ይሄዳሉ። እጭ የሚዋኘውም የሚበላውም በዚሁ መስመር ነው።

በዚህ መጠን ላለ ፍጡር ውሃ እኛ የምናውቀው ውሃ አይደለም። እኛ ማር ውስጥ ብንዋኝ የሚሰማን ዓይነት ነው። መቅዘፍ ባቆመበት ቅጽበት ባለበት ቀጥ ይላል። ትንሽ እንኳን ተንሸራቶ አይሄድም። ምግብም ራሱ አይመጣለትም፤ ዙሪያውን ያለውን ውሃ ወደ ራሱ መሳብ አለበት።

አሁን አንድ የአልጌ ሴል ከውሃው ጋር እየተሳበ ወደ ክንዱ ተጠጋ እንበል። ሲሊያዎቹ ውሃውን ወደ ኋላ እየገፉ ናቸው። ሴሉም አብሮ ሊያልፍ ነው። ልክ መስመሩ ጋ ሲደርስ፣ እዚያች ነጥብ ላይ ያሉት ጥቂት ሲሊያዎች ብቻ ለአፍታ አቅጣጫቸውን ይገለብጣሉ። ሌሎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ውሃው ያልፋል፤ ሴሉ ወዲህ ይቀራል። እንዲህ እየተያዘ፣ እየተለቀቀ፣ እንደገና እየተያዘ ወደ አፍ ይወርዳል። ጉሮሮው አንድ ሁለቴ ኮምተር ይላል፣ ዋጥ። ይህ ሁሉ ፈጣን ስለሆነ በደንብ የተገለጠው በፈጣን ካሜራ ተቀርጾ በዝግታ ሲታይ ነው። በአሜሪካ የፍራይዴይ ሃርበር ቤተ ሙከራ የሠራው ሪቻርድ ስትራትማን ይህችን የሲሊያ መስመር ለአሥርት ዓመታት አጥንቷታል።

መራጭ ናቸው ወይ? ትንሽ። አፉ ጋ ደርሶ ተመልሶ የተተፋ ሴል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ግን ያን ያህልም አትመኗቸው። በሙከራ ጥቃቅን የፕላስቲክ ኳሶች ሲሰጧቸውም ይውጣሉ።

ሌሎቹ ቤተሰቦች ሌላ ዘዴ አላቸው። የባሕር ቀንድ አውጣና የኦይስተር (ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የባሕር እንስሳ) እጮች ሁለት የሲሊያ መስመሮችን ፊት ለፊት አድርገው ምግቡን መሐል ባለች ቦይ ወደ አፍ ይነዱታል። ባርናክል ድንጋይና መርከብ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባለ ዛጎል እንስሳ ነው፤ እጩ ደግሞ በጸጉራም እግሮቹና አንቴናዎቹ ይሰበስባል። የሸርጣን እጭ ከሁሉም ባለጌ ነው፤ ሌላ ትንሽ እንስሳ አሳዶ ይይዛል። ከሎብስተር ዘመዶች መካከል እንደ ቅጠል የሳሱ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳዩ እጮች አሉ። እነዚህ ጄሊፊሽ ላይ ተቀምጠው ሲጓዙ ይገኛሉ። ተሳፋሪው መጓጓዣውን ይበላዋል።

ከዚህ ሁሉ ሌላ፣ ብዙዎቹ በባሕር ውሃ ውስጥ የሟሙ አሚኖ አሲዶችን (የፕሮቲን መሥሪያዎችን) በቀጥታ በገላቸው ይመጥጣሉ። ይህ ግን ብቻውን የሚያሳድግ ቀለብ ሆኖ አላየሁትም። ስለ ፀሐይ ያነሱት ግምትም ከመሬት የተነሳ አይደለም። አንዳንድ የኮራል እጮች ከእናታቸው የወረሱት አልጌ በገላቸው ውስጥ ይኖራል። እሱ በብርሃን የሠራውን ያካፍላቸዋል።

«እጭ ሲርበው የሰውነቱን ቅርጽ ይቀይራል የሚል ነገር አንብቤአለሁ። ለተማሪዎቼ ልናገር ወይስ ወሬ ነው?»
— የባዮሎጂ መምህር

ይናገሩ መምህር፣ ወሬ አይደለም።

ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተገኙ የባሕር ጃርት እጮችን ለሁለት ይክፈሏቸው። አንደኛው ቢከር ውስጥ ምግብ ያትረፍርፉ፣ ሁለተኛው ውስጥ ቆንጠር አድርገው ይስጡ። ከቀናት በኋላ ጎን ለጎን ሲያዩአቸው የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም። ጠግቦ ያደረው ክንዱ አጭር፣ ጨጓራው ትልቅና ክብ ነው። የራበው ክንዱ ረጅም፣ ጨጓራው ትንሽ ነው። ክንድ ረዘመ ማለት የሲሊያው መስመር ረዘመ ማለት ነው። መስመሩ ከረዘመ ብዙ ውሃ ያጣራል፤ ባነሰ ምግብ ውስጥም የድርሻውን ይለቅማል።

የሚገርመው አሠራሩ ነው። ሰው ሲሰማ እጭ ተርቦ ተርቦ በመጨረሻ ክንዱን የሚያስረዝም ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግን ነገሩን ከሌላው ጫፍ አሳይቷል። ረጅሙ ክንድ በራሱ የሚመጣ ነው። እጭ በአካባቢው ምግብ መኖሩን ሲያውቅ ነው የክንዱን ዕድገት የሚገታው። ትእዛዙ የሚተላለፈውም በዶፓሚን ነው፤ በእኛም አንጎል ውስጥ በሚሠራው በዚያው ኬሚካል። ከክንድ የተረፈው ሀብት ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ጨጓራው አጠገብ በግራ በኩል የወደፊቱ ትንሽ ጃርት እየተሠራ ነውና ወደዚያ ይዞራል። ጠግበው ያደጉት ቶሎ ጃርት ይሆናሉ።

አንድ ነገር ከዚህ ሙያ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን እመርጣለሁ። አእምሮ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ሆኖም ገበያውን አይቶ ወጪውን ያስተካክላል።

ለተማሪዎችዎ የሚጨምሩት ሌላ ጉድ ልስጥዎ። አንዳንድ የባሕር ኮከብ እጮች ከገላቸው ቁራጭ ይገነጥሉና ቁራጩ ራሱን የቻለ ሌላ እጭ ይሆናል። ይህ ከባሕር በተያዙ እጮች ላይ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ታትሟል። በ2008 ደግሞ ሳንድ ዶላር የሚባለው ጠፍጣፋ የባሕር ጃርት ዘመድ ላይ ሌላ ነገር ተገኘ። እጮቹ ያሉበት ውሃ ውስጥ የዓሣ ልጋግ ሲጨመር ለሁለት ይከፈላሉ። ያነሰ ገላ ከዓሣ ዓይን ሊሰወር ይችላል። ምግቡን በሚመለከት ክንድ፣ ጠላትን በሚመለከት መከፈል።

«ሳይበላ የሚያድግ እጭ አለ?»
— ስም ያልተጻፈበት

አለ፣ ብዙ ነው። እናቱ ስንቁን በእንቁላሉ አስኳል ታሲዝለታለች።

ልዩነቱን ለማየት የአውስትራሊያን ሁለት የባሕር ጃርቶች የሚያህል ምሳሌ የለም። ሁለቱም ሄሊዮሲዳሪስ ከሚባል ወገን ናቸው፣ የቅርብ ዘመዳሞች። ቱበርኩላታ የምትባለው እንቁላሏ ስፋቱ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ከዚያ የሚወጣው እጭ አፍ አለው፣ ክንድ አለው፣ እየበላ ለሳምንታት ይቆያል። ኤሪትሮግራማ የምትባለው እንቁላሏ ስፋቱ ከዚያ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በይዘት ሲሰላ ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። የእሷ እጭ የሚበላበት አፍ የለውም፣ ክንዶቹም ቀርተዋል። በአራት ቀን ገደማ ውስጥ ትንሽ ጃርት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ባለ ትንሽ እንቁላሏ በተመሳሳይ ስንቅ እጅግ ብዙ ልጅ ትወልዳለች፤ ልጆቹ ግን ባሕሩ የሰጣቸውን ለቅመው፣ ካልሰጣቸውም ተርበው ነው የሚኖሩት። የሌላዋ ልጆች ጥቂት ናቸው፣ ግን የባሕሩን ፊት ማየት አያስፈልጋቸውም። የቱ ይሻላል ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ።

«እነዚህ እጮች የሚሄዱት የውሃው ጅረት የወሰዳቸው ቦታ ነው? ከሆነ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ?»
— አንድ የመርከብ ሠራተኛ የነበሩ አንባቢ

ጋሼ፣ ይህ የዕለቱ ከባድ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል በአንድ ቃል ልመልስ፦ አይደለም። ማለቴ በከፊል ነው።

በሲሊያ የሚዋኝ እጭ በሰከንድ የሚሄደው አንድ ሚሊሜትር ቢሆን፣ ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ከጅረት ጋር ተጋፍቶ ወደ ጎን መሄድ አይታሰብም። ወደ ላይና ወደ ታች ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያች ፍጥነትም ቢሆን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሜትሮችን ይወጣል፣ ይወርዳል። እርስዎ እንደሚያውቁት ደግሞ የላይኛው ውሃና የታችኛው ውሃ አንድ አቅጣጫ አይሄዱም። ስለዚህ ከፍታውን የመረጠ መንገዱን መረጠ ማለት ነው።

ሰማያዊ ሸርጣን የሚባለውን የሰሜን አሜሪካ ሸርጣን ይውሰዱ። በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ እጮቹ የሚፈለፈሉት መግቢያው አካባቢ ነው። የላይኛውን ውሃ ይዘው ወደ ውቅያኖሱ ይወጣሉ። እዚያ እየበሉ ቆዳ እየቀየሩ ያድጋሉ። መጨረሻው የእጭ ደረጃ ላይ ሲደርሱ መመለስ አለባቸው። ዘዴያቸው ይህ ነው፦ ሌሊት ውሃው ወደ ወሽመጡ ሲሞላ ከፍ ብለው አብረውት ይገባሉ፤ ውሃው ሲመለስ ወደ ታች ወርደው ወለሉ አጠገብ ይቆያሉ። ቀጣዩ ሙላት ሲመጣ ደግሞ ከፍ ይላሉ። አንድም ጊዜ ከውሃው ጋር ሳይታገሉ ሽቅብ ይገባሉ።

ከዚህም የሚብስ አለ። የምዕራብ አውስትራሊያው የድንጋይ ሎብስተር እጭ ከ9 እስከ 11 ወር ገደማ ባሕር ላይ ይቆያል። ከዳርቻው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይሄዳል። ከዚያ ቅርጹን ቀይሮ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ ሎብስተር መስሎ ይመለሳል። በዚህ የመጨረሻ ጉዞ ላይ ምንም አይበላም። ያጠራቀመውን ስብ እያነደደ ነው የሚዋኘው። ቀድሞ በደንብ ያልበላ ዳርቻውን አያያትም። የሚመለሱት ቁጥር ስለሚለያይ ባለሙያዎቹ በየወሩ ይቆጥሯቸዋል፤ ቆጠራው ከ3 እስከ 4 ዓመት በኋላ የሚገኘውን የሎብስተር ምርት አስቀድሞ ይነግራቸዋል።

ስንት ኪሎ ሜትር ለሚለው ጥያቄዎ ሰዎች ቀላል ሒሳብ ይወዳሉ፦ የጅረቱ ፍጥነት ሲባዛ በቆየበት ቀን። እኔ ይህን ሒሳብ አልወደውም። ጠቃሚነቱ የሩቁን ጫፍ ለማወቅ ያህል ነው። እርግጥ ረጅም የሚቆዩ አሉ። ፉሲትሪቶን የሚባለው የባሕር ቀንድ አውጣ እጭ በቤተ ሙከራ ለ4 ዓመት ተኩል እጭ ሆኖ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ቅርጹን ቀይሯል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። በአሜሪካው የውድስ ሆል የባሕር ምርምር ተቋም የሠራው ሩዶልፍ ሸልተማም የቀንድ አውጣ እጮችን በአትላንቲክ መሐል፣ ከየትኛውም ዳርቻ ርቀው አግኝቷቸዋል። ውቅያኖስ ያቋርጣሉ የሚለው ሐሳብ በእሱ ሥራ ነው ሥር የያዘው።

ግን ደግሞ ወደ ጥልቁ ይውረዱ። ሪፍቲያ የሚባሉት ግዙፍ የቱቦ ትሎች ከባሕር ወለል በሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ዙሪያ ይኖራሉ። እጫቸው አይበላም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት በስንቁ ብቻ በአማካይ 38 ቀን እንደሚቆይ አስልቷል። የጥልቁን ጅረት ጨምሮ ሲታይ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ጥቂት ነው። ጅረቱ አቅጣጫውን ስለሚቀያይር የተጓዘውን መንገድ መልሶ ይመጣበታል። ቀኑ ቢረዝም ርቀቱ የግድ አይረዝምም።

የምወደው ምሳሌ ሮክኦል የምትባለው ድንጋይ ናት። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ አትላንቲክ ውስጥ ብቻዋን የቆመች። ምናልባት አጠገቧ አልፈው ያውቁ ይሆናል። በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻዎች ሁለት ተቀራራቢ ቀንድ አውጣዎች አሉ። የአንደኛው እጭ ለሳምንታት በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው እጭ የሚባል ነገር ወደ ውሃ አይለቅም፤ ልጆቹን በሆዱ ይዞ የተሟሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች አድርጎ ነው የሚወልዳቸው። ሮክኦል ላይ ማን ይገኛል? ሁሉም ሰው ተንሳፋፊው ይላል። የሚገኘው ሁለተኛው ነው። ስዊድናዊቷ ኬርስቲን ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ምክንያቱን አብራርታለች። ተንሳፋፊ እጮች እዚያ ቢደርሱ እንኳን ልጆቻቸውን ውሃው መልሶ ይወስዳቸዋል። ድንጋይዋ ትንሽ ናት፣ ማን ይመለስባታል? ልጆቿን የያዘች አንዲት እናት ግን በባሕር አረም ላይ ተጣብቃ ብትደርስ ይበቃል። ልጆቿ እዚያው ይቀራሉ፣ እዚያው ይዋለዳሉ።

«መቆሚያቸውን እንዴት ያውቃሉ?»
— የአርክቴክቸር ተማሪ

ያሸታሉ፣ ይዳስሳሉ፣ አንዳንዶቹም ይሰማሉ።

የባርናክልን ልንገርሽ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለው እጭ አይበላም። ሥራው ቦታ መፈለግ ብቻ ነው። ድንጋይ ላይ ያርፍና በሁለት አንቴናዎቹ ይራመዳል። ያቆማል፣ ይነካካል፣ ይዞራል። ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ቤት የሚከራይ ሰው ነው፤ ካልወደደው ተነስቶ ይዋኛል። የአዋቂ ባርናክሎች ገላ የሚተወው ፕሮቲን ካለ ይስበዋል። ሌሎች ኖረውበት ከሆነ ቦታው ያኖራል ማለት ነዋ። ሲወስን በራሱ ሙጫ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ አይነቃነቅም። ስንቁ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ መራጭነቱ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ የናቀውን ቦታ በኋላ ይቀበላል።

ሃይድሮይደስ የሚባል የባሕር ትል አለ፤ የመርከብ ሆድ ላይ ቱቦ እየሠራ የሚያስቸግር። እጩ የሚቀመጠው ባክቴሪያ ባለበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አንደኛው ባክቴሪያ የሚሠራውን አሳየ። እንደ መርፌ የሚወረወሩ፣ በጥቅል የተደረደሩ ጥቃቅን መሣሪያዎችን ይሠራል። የትሉ እጭ ቅርጹን መቀየር የሚጀምረው በእነሱ ነው። የኮራል እጮች ደግሞ የሪፍ (ኮራሎች የገነቡት የባሕር ውስጥ ድንጋያማ ግንብ) ድምፅ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንደሚዋኙ በ2010 ተዘግቧል። ጆሮ የላቸውም።

የባሕር ጃርትስ? ለውጡ አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። ሲቀመጥ ክንዶቹ ይኮማተራሉ፣ ውስጥ ተሠርቶ የቆየው ጃርት ወደ ውጭ ይገለበጣል። ያቺ የለፋንባት የሲሊያ መስመር ትጠፋለች። አዲሱ ጃርት የእጭነት አፉን አጥቷል፣ የጃርትነቱ አፍ ገና አልተከፈተም። ስለዚህ ለተወሰኑ ቀናት ምንም አይበላም። በእጭነቱ የበላው ነው የሚያሻግረው።

«ይህን ሁሉ እንቁላል ጥሎ ሁሉም የሚሞት ከሆነ ተፈጥሮ ታባክናለች ማለት አይደለም?»
— የሂሳብ መዝገብ ባለሙያ

አብዛኛው ይሞታል፣ ልክ ነዎት። ይበላል፣ ይርበዋል፣ ወይም መቆሚያ ወደሌለበት ባሕር ይወሰዳል። የዴንማርኩ የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ጉናር ቶርሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ትልቅ ሥራ ይህንን በሰፊው አንስቷል። ወደ ዋልታዎች ሲኬድ ተንሳፋፊና በላተኛ እጭ ያላቸው ዝርያዎች ይቀንሳሉ ያለውም እሱ ነው። አጭር የምግብ ወቅት ባለበት ቀዝቃዛ ባሕር ረጅም እጭነት አደጋ ነው ብሎ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን በአንታርክቲካ ዳርቻ በብዛት ከሚገኙት መካከል እጃቸውን ዘርግተው ለወራት የሚንሳፈፉ የባሕር ጃርት እጮች አሉ። ተፈጥሮ ደንብ ሲወጣላት ደስ አይላትም።

ብክነት የሚለውን ቃል ግን አልቀበልም። የሞተው እጭ የሌላ ቁርስ ነው። ደግሞ ብዙ እንቁላል ሁልጊዜ አይከስርም። ኮራል የሚበላው ባለ እሾህ የባሕር ኮከብ፣ ሴቷ በአንድ ወቅት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከወንዝ የመጣ ማዳበሪያ አልጌውን ሲያበዛው ለእጮቹ ድግስ ይሆናል፣ የሚተርፉትም ይበዛሉ የሚል ሐሳብ አለ። የአውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ በተደጋጋሚ የተወረረው በዚህ ነው ይላሉ። ብቻውን ምክንያት ነው ወይ በሚለው ላይ ግን ባለሙያዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ምግቡ አንዱ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጠግቦና ተርቦ ያደገን እጭ ጎን ለጎን ያየ ሰው ሌላ ማመን ይከብደዋል።

«ባሕር አጠገብ ለዕረፍት እሄዳለሁ። እጭ በዓይኔ ማየት እችላለሁ?»
— የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ትችላለህ። ውድ ነገርም አያስፈልግህም። ጆን ቮን ቶምሰን የሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም አየርላንድ ውስጥ ኮርክ አካባቢ ውሃ በመረብ እየጎተተ ነበር የሚያጠምደው። ያኔ ባርናክል ከቀንድ አውጣ ወገን ነው ይባል ነበር፤ ትልቁ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሊቅ ኩቪየር ራሱ እዚያ ነው የመደበው። ቶምሰን የያዛቸውን ትናንሽ ዋናተኞች ዕቃ ውስጥ አቆያቸው። ተጣብቀው ባርናክል ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1830 አሳተመው። ባርናክል የሸርጣን ዘመድ መሆኑ የታወቀው በእጩ ነው።

በጣም የደቀቀ ቀዳዳ ያለው ጨርቅ በሾጣጣ ቅርጽ ስፋ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠርሙስ እሰር። ከሰው ጋር ሆነህ ከጀልባ ወይም ከድልድይ ላይ በቀስታ ጎትተው። በፍጥነት ከጎተትከው ጨርቁ ላይ ይደቃሉ። ሲመሽ ይሻላል፤ ብዙዎቹ ወደ ላይ የሚወጡት ያኔ ነው። ጠርሙሱን ጥላ ውስጥ አስቀምጥ፣ ውሃው ከሞቀ ቶሎ ይሞታሉ። ከዚያ አንዱን ጎን በባትሪ አብራበት። ብርሃን የሚወዱት ወደዚያ ይሰበሰባሉ፣ በፒፔት (ጠብታ መምጠጫ ቱቦ) ታነሳቸዋለህ። ሰባራ አካሄድ የሚሄደው የባርናክል ወይም የሌላ ባለ ዛጎል እግራም ልጅ ነው። ለስለስ ብሎ የሚንሸራተተው በሲሊያ የሚዋኝ ነው። ተራ አጉሊ መነጽር ያሳይሃል፣ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ካገኘህ ደግሞ ጨጓራውን ታያለህ።

ስትጨርስ ውሃውን ያወጣህበት ቦታ መልሰው። ሌላ ባሕር ውስጥ ወይም ሌላ ወደብ አትድፋው። መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ የሚሞሉት ውሃ ስንት ዓይነት እጭ ከአህጉር አህጉር እንዳዞረ ታይቶ ነው እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደረሰው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። ያንተ ጠርሙስ ትንሽ ናት፣ ሕጉ አይመለከታትም። ቢሆንም እዚያው መልሳት።